የአሜሪካ ዕዳ፦ ሁለቱ ፓርቲዎች በምን ይጣላሉ፣ በምን ይስማማሉ?

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዕዳ 38 ትሪሊዮን ዶላር ያለፈው በኦክቶበር 2025 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያን ሰሞን መንግሥት ተዘግቶ ነበር። ሪፐብሊካንና ዴሞክራት በበጀት ተጣልተው፣ መሥሪያ ቤቶች ቆመው፣ ሠራተኛው ያለ ደሞዝ እቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ዕዳው ግን መጨመሩን አላቆመም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «እነዚህ ሰዎች መስማማት ስላቃታቸው ነው አገሩ በዕዳ የተዘፈቀው» ይላል። ቴሌቪዥኑም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከዚህ ለየት አድርጌ ነው የማየው። ላለፉት 25 ዓመታት ዕዳውን የቆለሉትን ትላልቅ ሕጎች አንድ በአንድ ብታዩአቸው፣ ድምፅ ተሰጥቶባቸው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ተፈርመው የወጡ ሕጎች ናቸው። የምክር ቤቱ (የኮንግረሱ፣ ማለትም የሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ) አሠራር ዕዳ የሚጨምረውን ሕግ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ዕዳ የሚቀንሰውን ደግሞ በር ላይ ያስቀራል። ጠቡ የሚነሣው ከዚያ በኋላ፣ ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። መንግሥት በ2025 የበጀት ዓመት ያስገባው 5.2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ያወጣው ደግሞ 7 ትሪሊዮን ገደማ። ልዩነቱን፣ ማለትም 1.8 ትሪሊዮኑን ተበደረው። ለድሮው ዕዳ የሚከፈለው ወለድ ብቻ በዓመት ወደ አንድ ትሪሊዮን ተጠግቷል። ከ2024 ጀምሮ ወለዱ ከመከላከያ ወጪ በልጧል። በዓለም ላይ ለጦር ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያወጣው አገር ለጦሩ ከሚያወጣው በላይ ለአበዳሪዎቹ ወለድ ይከፍላል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ አንድም መንገድ አይሠራም፣ አንድም ተማሪ አይማርም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከ1998 እስከ 2001 ድረስ የአሜሪካ በጀት ትርፍ ነበረው። በጃንዋሪ 2001 የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት 5.6 ትሪሊዮን ዶላር ትርፍ ይጠራቀማል ብሎ ተንብዮ ነበር። ጠቅላላ ዕዳው ያኔ ከ6 ትሪሊዮን በታች ነበር። ታዲያ ምን ተፈጠረ? መልሱን ለማግኘት ትርፉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ምክንያት የዘመኑ ኢኮኖሚ ነው፤ ኢንተርኔት ገና እየመጣ፣ ሥራው ሞልቶ፣ የአክሲዮን ገበያው እየጦፈ ነበር። ሌላው ምክንያት ግን ሁለት ሕጎች ናቸው። ሁለቱም ያሳለፏቸውን ሰዎች ዋጋ አስከፍለዋል።

የመጀመሪያው የ1990ው ነው። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ በ1988 ሲወዳደሩ «አዲስ ግብር የሚባል ነገር አይኖርም» ብለው በአደባባይ ቃል ገብተው ነበር። ሥልጣን ላይ ወጥተው ጉድለቱን ሲያዩ ከዴሞክራቶች ጋር ተቀምጠው ተደራደሩ። ከፍተኛው የግብር መጠን ከ28 በመቶ ወደ 31 በመቶ ከፍ አለ፣ ወጪም ተቀነሰ። የገዛ ፓርቲያቸው አኮረፈ። በ1992 በምርጫ ተሸነፉ።

ሁለተኛው የ1993ቱ ነው፤ ይኼኛው ታሪክ ትንሽ ሰፋ ማለት ይገባዋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚከፍሉትን ግብር ወደ 39.6 በመቶ የሚያወጣ፣ በነዳጅ ላይም ጥቂት ሳንቲም የሚጨምር ሕግ አቀረቡ። አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በተወካዮች ምክር ቤት 218 ለ216 ነው ያለፈው፤ በሴኔት 50 ለ50 ሆኖ የምክትል ፕሬዚዳንቱ የአል ጎር ድምፅ ነው ያዳነው። በተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻውን ወሳኝ ድምፅ ከሰጡት አንዷ የፔንሲልቫኒያዋ ተወካይ ማርጆሪ ማርጎሊስ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡ፣ ሪፐብሊካን በሚበዛበት ወረዳ ያሸነፉ ዴሞክራት ነበሩ። ሕጉን እንደማይደግፉ ተናግረው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ስልክ ደወሉላቸው። ድምፃቸውን ሊሰጡ ሲሄዱ ከወዲያኛው ወገን ያሉት ሪፐብሊካኖች «ቻው ቻው ማርጆሪ» እያሉ ዘመሩባቸው። እውነታቸውን ነበር፤ በ1994 መቀመጫቸውን አጡ፣ ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን አጣ።

የዚያን ቀን ምክር ቤት ውስጥ የነበረ ሁሉ አንድ ነገር ተማረ። ጉድለት የሚቀንስ ሰው አይመሰገንም፣ ይባረራል። ትምህርቱ እስከ ዛሬ አልተረሳም። አንድ ማስረጃ ልስጣችሁ፤ የፌዴራል የቤንዚን ግብር በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው። የተቀመጠው በዚያው በ1993ቱ ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም። ስንት ፕሬዚዳንት አለፈ፣ የሁሉም ነገር ዋጋ እጥፍ ሆነ፣ መንገዱ እየፈረሰ ነው፣ ግን ያቺን ሳንቲም የሚነካ ደፋር ጠፋ።

ሪፐብሊካኖቹ ከዚያም በፊት ጀምረው ነበር። ግሮቨር ኖርኲስት የሚባሉ ሰው በ1986 አንድ ቃል ኪዳን አዘጋጁ፤ ፈራሚው ግብር ላለመጨመር ለመራጩ በጽሑፍ ቃል ይገባል። ባለፉት አሥርት ዓመታት አብዛኛው የሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ፈርሞታል። ዴሞክራቶቹም ቢሆኑ የራሳቸውን አጥር አጥረዋል። ፕሬዚዳንት ባይደን በዓመት ከ400,000 ዶላር በታች የሚያገኝ ሰው ግብር አይጨመርበትም ብለው ቃል ገቡ። ይህ ማለት ከአሜሪካ ሕዝብ እጅግ አብዛኛው አይነካም ማለት ነው። አንደኛው ፓርቲ ማንንም አልነካም ይላል። ሌላኛው ከጥቂት ሀብታሞች በቀር ማንንም አልነካም ይላል። በሰባት ትሪሊዮን ወጪና በአምስት ትሪሊዮን ገቢ መካከል ያለው ገደል ከሁለቱም ቃል ኪዳን ውጭ ነው የቀረው።

በ51 ድምፅ የሚያልፈውና የማያልፈው

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ነው።

ሴኔት 100 መቀመጫ አለው። ተራ ሕግ ለማሳለፍ ግን 51 አይበቃም፤ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ፓርቲዎች 60 መቀመጫ ማግኘት ካቃታቸው ቆይቷል። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ሕግ በሉት፣ የጦር መሣሪያ ሕግ በሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። አንድ አቋራጭ ግን አለ። በ1974 የወጣው የበጀት ሕግ ግብርንና ወጪን የሚመለከት ሕግ በተራ ብልጫ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። «ሪኮንሲሊዬሽን» ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ጉድለት ለመቀነስ ነበር የሚጠቀሙበት፤ የ1990ውም የ1993ቱም ሕግ ያለፉት በዚሁ ነው። በ2001 ግን ታጠፈ። ትንሹ ጆርጅ ቡሽ ያን የተተነበየውን ትርፍ ይዘው ግብር ቀነሱ። በ2003 ደግመው ቀነሱ፤ ያኔ አገሩ በአፍጋኒስታንም በኢራቅም ጦርነት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይህንኑ መንገድ ያዘ። በ2017 ሪፐብሊካኖች የኩባንያዎችን ግብር ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ አወረዱ። በ2021 ዴሞክራቶች 1.9 ትሪሊዮን ዶላር የኮቪድ ድጎማ አሳለፉ። በጁላይ 2025 ሪፐብሊካኖች ፕሬዚዳንት ትራምፕ «ትልቁ ውብ ሕግ» ያሉትን አወጡ፤ በሴኔት 51 ለ50፣ በምክትል ፕሬዚዳንት ቫንስ ድምፅ። የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ይህ ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ 3.4 ትሪሊዮን ዶላር ጉድለት እንደሚጨምር ገምቷል። ሁለቱ ፓርቲዎች አብረው የሠሩትም አለ። በማርች 2020 ኮቪድ ሲገባ ሴኔት ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣውን ሕግ 96 ለ0 ነው ያሳለፈው። ያኔ ሰዉ ሥራ አጥቶ ነበርና እኔም ትክክል ነበር እላለሁ፤ ግን ገንዘብ ለማውጣት ሲሆን መስማማት እንደሚችሉ እዩልኝ።

አቋራጩ የማይነካው ነገር አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥት የጡረታ ሥርዓቱ። ከመንግሥት ወጪ ትልቁ እሱ ነው፣ ደንቡ ግን በዚህ መንገድ እንዳይነካ ይከለክላል። የየዓመቱ የመሥሪያ ቤቶች በጀትም 60 ድምፅ ይጠይቃል። እንግዲህ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት፤ ግብር ለመቀነስ 51 ይበቃል፣ ትልቁን ወጪ ለማስተካከል 60 ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ መላእክት ቢመረጡ እንኳ ዕዳው መጨመሩ አይቀርም።

ሌላም አለ። በአቋራጩ የሚያልፍ ሕግ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ጉድለት መጨመር አይችልም የሚል ደንብ አለ። ይህን ለማለፍ ሕግ አውጪዎቹ ዘዴ አገኙ፤ ሕጉ ላይ የማብቂያ ቀን ይጽፋሉ። የ2001ዱ የግብር ቅናሽ በ2010 መጨረሻ እንዲያበቃ ተጻፈ። ቀኑ ሲደርስ ፕሬዚዳንት ኦባማ ሁለት ዓመት አራዘሙት። በ2012 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ትርምስ ተነሣ፤ በመጨረሻ ላይ አብዛኛው ቅናሽ ቋሚ ተደረገ። የ2017ቱ የግለሰቦች ቅናሽ በ2025 እንዲያበቃ ተጻፈ። ዴሞክራቶቹም በ2021 የጨመሩትን የኦባማ ኬር (የጤና ኢንሹራንስ) ድጎማ በማብቂያ ቀን ነው ያሳለፉት፤ በ2022 አራዝመው እስከ 2025 መጨረሻ አደረሱት። ሕጉ ሲወጣ ወጪው ትንሽ ይመስላል፣ ምክንያቱም ያበቃል ተብሏል። ቀኑ ሲደርስ ግን የለመደውን ሰው ማን ይከለክላል? ይራዘማል። በ2025 የሴኔት ሪፐብሊካኖች ቅናሹን ማራዘም ወጪ እንደሌለው አድርገው እስከ መቁጠር ደረሱ፤ «ድሮም ያለ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም» በሚል። ይህን ሒሳብ የትኛውም የንግድ ቤት ያዥ አይቀበለውም።

የዕዳ ጣሪያው

በየጊዜው ዜና የሚሆነው የዕዳ ጣሪያ ምንድን ነው? አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ምክር ቤቱ ወጪ ያጸድቃል፣ ግብር ይወስናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብድር ነው፤ ሌላ ምንጭ የለውም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያንኑ ብድር ለመበደር ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ቢከለከል ወጪው አይቀርም፤ የሚቀረው ክፍያው ነው።

ጣሪያው የመጣው በ1917 ነው፤ አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ። የሚገርመው የመጣው ብድርን ለማክበድ አይደለም። ከዚያ በፊት ምክር ቤቱ እያንዳንዱን የቦንድ ሽያጭ ያጸድቅ ነበርና ለጦርነቱ እንዲቀል «እስከዚህ ድረስ ተበደር» ብሎ ገንዘብ ሚኒስቴሩን ለቀቀው። ከ1960 ወዲህ ከ70 ጊዜ በላይ ከፍ ብሏል ወይም ተራዝሟል፤ የሚበዛውም በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች ጊዜ ነው።

ጣሪያው እጅ መጠምዘዣ መሆኑ በደንብ የታየው በ2011 ነው። ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን ይዘው፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ ወጪ ካልቀነሱ ጣሪያውን አናነሣም አሉ። አፈ ጉባኤው ጆን ቤይነርና ኦባማ ለብቻቸው ትልቅ ስምምነት ሞከሩ፤ ግብር ትንሽ ይጨመር፣ ወጪ ይቀነስ በሚል። ሁለቱም ወደ ወገኖቻቸው ሲመለሱ አልያዘላቸውም። መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ሊያልቅ በተባለበት ቀን፣ ኦገስት 2፣ ሕጉ ተፈረመ። ከሦስት ቀን በኋላ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባለው የብድር ደረጃ መዛኝ ድርጅት የአሜሪካን የብድር ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገ። የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ኋላ ላይ እንዳሰላው፣ መዘግየቱ ብቻ የመንግሥትን የብድር ወጪ በዚያ ዓመት በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ጨመረው። ዕዳ ይቀነስ ተብሎ በተነሣ ጠብ ዕዳ ተጨመረ።

እውነቱን ለመናገር የ2011ዱ ስምምነት ለጥቂት ዓመታት የመሥሪያ ቤቶችን ወጪ ይዞ ነበር። ግን ማን ፈታው? ሁለቱም። በ2013፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2019 ሪፐብሊካንና ዴሞክራት ተጨባብጠው ገደቡን ከፍ ከፍ አደረጉት፤ በ2018 ብቻ ለሁለት ዓመት 300 ቢሊዮን ገደማ ጨመሩ። አንዱ ለመከላከያ ፈለገ፣ ሌላው ለማኅበራዊ አገልግሎት ፈለገ፣ ሁለቱም አገኙ። ይህን ስምምነት ቴሌቪዥን ብዙ አላወራለትም።

በ2023 ተደገመ። ኬቨን ማካርቲ በ15ኛው ዙር ድምፅ አፈ ጉባኤ ሆነው፣ በጣሪያው ላይ ከባይደን ጋር ተደራድረው፣ በሜይ መጨረሻ ተስማሙ። በኦገስት ፊች የተባለው ሁለተኛው መዛኝ ድርጅት ደረጃውን ዝቅ አደረገ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ይህ ተደጋጋሚ ግብግብ መሆኑን ተናግሯል። በኦክቶበር ማካርቲ በገዛ ፓርቲያቸው ስምንት ሰዎችና በዴሞክራቶች ድምፅ 216 ለ210 ከወንበራቸው ወረዱ። በሜይ 2025 ሙዲስ ሦስተኛ ሆኖ ደረጃውን ቀነሰ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያ ትልቅ ሕግ ውስጥ፣ ጣሪያው በ5 ትሪሊዮን ከፍ ብሎ 41.1 ትሪሊዮን ሆነ። ያለ ጠብ፤ ምክንያቱም ፕሬዚዳንቱም ሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ፓርቲ እጅ ነበሩ። ጣሪያው ጉዳይ የሚሆነው ፕሬዚዳንቱ የሌላኛው ወገን ሲሆን ብቻ ነው። እኔ ቢነሣ ደስ ይለኛል። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ የዕዳውን መጨመር አላስቀረም፣ ያስቀረው እምነትን ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚገባ አንድ ንጽጽር አለ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የዩሮ ቦንድ (በዶላር ለውጭ አበዳሪዎች የሸጠችው ቦንድ) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። ዶላሩን ራሷ አታትመውም፣ የውጭ ምንዛሬ ክምችቷ ተመናምኖ ነበር፣ ከሌሎች አበዳሪዎችም ጋር ድርድር ላይ ነበረች። አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ገንዘብ ነው፤ መክፈል አያቅታትም፣ የሚያቅታት ለራሷ መፍቀድ ነው። እንዲህ ያለ አገር በፖለቲካ ምክንያት ያለመክፈል አፋፍ ላይ ደርሶ መመለሱ፣ ለመክፈል ላይ ታች ለሚል ድሃ አገር ሰው ያናድዳል። አሜሪካ የምትከፍለው ወለድ ሲጨምር ደግሞ በዶላር የሚበደር ሁሉ ወለዱ ይጨምርበታል። እዚያው አሜሪካ ያለውም አይቀርለትም፤ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ የሚከተለው የመንግሥት ቦንድን ነው። ቤት ልገዛ ብሎ ወለዱን አይቶ የተመለሰ ወገን የዚህ ጠብ ዋጋ ጥቂቱ ደርሶታል።

ሲዘጋ ማን ይጎዳል

መንግሥት መዘጋት ከዕዳ ጣሪያው የተለየ ነገር ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 1 አዲስ የበጀት ዓመት ይገባል። ምክር ቤቱ 12 የበጀት ሕጎችን ከዚያ በፊት ማጽደቅ አለበት። የ1974ቱ አሠራር ከመጣ ወዲህ ሁሉንም በሰዓቱ ያጸደቀው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ለ1997 የበጀት ዓመት ነበር። ድሮ በጀት ሲዘገይ መሥሪያ ቤት አይዘጋም ነበር፤ ሥራው ይቀጥል ነበር። በ1980 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የቤንጃሚን ሲቪሌቲ የሕግ አስተያየት ነው ያለ በጀት መሥራት ሕገ ወጥ ነው ያለው። ብዙ ሰው ከጥንት ያለ ሕግ ይመስለዋል።

በሌላ አገር በጀት ካልጸደቀ የሚባረረው ፖለቲከኛው ነው። በእስራኤል በዲሴምበር 2020 በጀት ባለመጽደቁ ፓርላማው (ክኔሴቱ) በሕግ ፈርሶ ምርጫ ተጠርቷል። በአሜሪካ ግን የምክር ቤት አባሉ ደሞዙ አይቋረጥም፤ የሚቀጣው ጽዳት ሠራተኛው ነው።

የ2025ቱ መዘጋት 43 ቀን ፈጀ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በታሪክ ረጅሙ ነበር። ከዚያ በፊት ረጅሙ የ2018–19ኙ የ35 ቀን ነበር፤ ስለ ድንበር ግንብ። የ2025ቱ መነሻ ከላይ ያነሣሁት የማብቂያ ቀን ነው፦ የኦባማ ኬር ተጨማሪ ድጎማ በዲሴምበር ሊያበቃ ነበር። ዴሞክራቶች ካልተራዘመ በጀቱን አናጸድቅም አሉ፤ ሪፐብሊካኖች መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት አሉ። በመጨረሻ ተከፈተ፣ ድጎማው ሳይራዘም።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላለው አበሻ ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የፌዴራል ሠራተኛ መጨረሻ ላይ ያለፈበት ደሞዝ ይከፈለዋል፤ በ2019 የወጣ ሕግ አለ። በኮንትራት ኩባንያ በኩል ሕንፃ የሚጠብቀው፣ ካፍቴሪያ የምትሠራው፣ ቢሮ የሚያጸዳው ግን ያ ሕግ አይሸፍነውም። የቀረበት ቀረበት። በኖቬምበር ደግሞ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ስላነሰ በ40 ትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች በረራ እንዲቀነስ ታዘዘ፤ የዋሽንግተን አካባቢዎቹ ደለስና ሬገን ከነሱ ውስጥ ነበሩ። እዚያ ታክሲና ኡበር ይዞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱን የምታውቁት ነው። የፉድ ስታምፕ ክፍያም በዚያው ወር ተስተጓጎለ፤ 42 ሚሊዮን ሰው ገደማ የሚበላበት ነው። የራሱ ሥራ ያለው ሹፌርና ባለ ሱቅ ኢንሹራንሱን የሚገዛው ከኦባማ ኬር ገበያ ነውና የድጎማው ማብቃት በቀጥታ እሱን ነካው።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። በየመዘጋቱ የሚጣሉበት የመሥሪያ ቤቶች በጀት ከጠቅላላው ወጪ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የዚያም ግማሽ ያህሉ መከላከያ ነው። ቀሪው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና ሽፋን)፣ ሜዲኬድ (የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና ሽፋን) እና ወለድ ይበዛበታል፤ እሱ ያለ የዓመት ድምፅ በራሱ ይሄዳል። ስለዚህ በ2025 ኢሎን ማስክ ይዘውት በመጡት ዘመቻ የመንግሥት ሠራተኛ በጅምላ ሲባረር፣ ከዚያ በፊት 2 ትሪሊዮን እንቆርጣለን ሲባል ቢቆይም፣ በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ወጪው ከቀደመው ዓመት በልጦ ነው የተገኘው። ገንዘቡ እዚያ አልነበረም። የተባረረው ሰው ግን ተባረረ።

ግብሩም እንዲሁ ነው። በ2025ቱ ሕግ ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ተጥሏል፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብና በመሰል መንገድ ለሚልክ። መጀመሪያ የታሰበው 5 በመቶ ሆኖ ዜጋ ባልሆኑት ላይ ብቻ ነበር። ከባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ባንክ ካርድ የሚልክ አይከፍልም፤ እናቱ ጋ ብር የሚልክ ሁሉ ይህን ይወቅ። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት (በሪፊዩጂ) የገቡትም ግሪን ካርድ እስኪይዙ ፉድ ስታምፕ የማግኘት መብታቸው በዚሁ ሕግ ተነሥቷል። 3.4 ትሪሊዮን ጉድለት የሚጨምር ሕግ፣ ቆጠብኩ የሚለው ከእነዚህ ሰዎችም ጭምር ነው። ይህን ያለ ንዴት መጻፍ አልችልም። ዴሞክራቶቹን በዚህ አልከስም፣ ድምፅ አልሰጡለትም። ነገር ግን ከ400,000 በታች አንነካም እያሉ የሚገቡት ቃል ሒሳቡን እንደማይዘጋ ለመራጫቸው ነግረው አያውቁም።

ቀጣዮቹ ቀኖች ከወዲሁ ታውቀዋል። የጉርሻና የትርፍ ሰዓት ግብር ቅናሽ፣ ብዙ ሹፌርና አስተናጋጅ የተደሰተበት፣ በ2028 መጨረሻ ያበቃል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፕሬዚዳንት ምርጫ አለ፤ አይራዘም የሚል እጩ አይኖርም። ጣሪያው 41.1 ትሪሊዮን ነው፤ በዓመት 2 ትሪሊዮን ገደማ በሚበደር አገር ይህ ቅርብ ነው።

ትልቁ ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። አስተዳዳሪዎቹ በ2025 ባወጡት ሪፖርት የጡረታ ፈንዱ በ2033 ይሟጠጣል፤ ያኔ ምንም ካልተደረገ መክፈል የሚችለው 77 በመቶውን ነው። ከ1,000 ዶላር ጡረታ 770 ማለት ነው። አቋራጩ ይህን አይነካውም፤ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። በ1983 ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ፕሬዚዳንት ሬገንና የዴሞክራቱ አፈ ጉባኤ ቲፕ ኦኒል ግብር ጨምረው፣ የጡረታ ዕድሜን ከፍ አድርገው ተስማምተዋል፤ ፈንዱ ሊነጥፍ ወራት ሲቀሩት። በ2028 የሚመረጥ ሴናተር እስከ ጃንዋሪ 2035 ድረስ ወንበሩ ላይ ነው፤ ፈንዱ ሲሟጠጥ ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ሜሪላንድ ከሚመርጡት ግዛቶች አንዷ ናት። እጩዎቹ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ወደ መስጊዳችን፣ ወደ ሬስቶራንቶቻችን መምጣታቸው አይቀርም። ያኔ ሁለት ነገር ጠይቋቸው፦ የማንን ግብር ትጨምራለህ፣ የማንን ጥቅም ትቀንሳለህ?